እናቴን ይዤ ከቡድን ጋር ዛንዚባር ልሂድ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። እናቴ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። 63 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ከአገር ወጥተው አያውቁም። አንድ አስጎብኚ ድርጅት በቡድን ወደ ዛንዚባር የሰባት ቀን ጉዞ አዘጋጅቷል፤ ፕሮግራሙን ልኬልዎታለሁ። በቡድን ብንሄድ ይሻላል ወይስ ሁለታችን ብቻችንን? ሙቀቱንስ ይችሉታል? ጾመኛ ናቸው፣ ምን ይበላሉ?»

እህቴ፣ አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። በቡድን ሂዱ። በዚህ ፕሮግራም ግን አይሆንም።

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። ብዙውን ጊዜ የውጭ እንግዶችን ይዤ አንኮበርና መንዝ ጓሳ እወጣለሁ። አልፎ አልፎ ደግሞ የእኛን ሰው ይዤ ወደ ውጭ እሄዳለሁ። በሁለቱም በኩል ቡድን የሚበላሸው በሩጫ ነው። አገሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሰው ከደከመው የሚያስታውሰው የመኪናውን ወንበር ብቻ ነው።

የላክሽልኝን ፕሮግራም ቁጭ ብዬ አየሁት። ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ፣ የቅመም እርሻ፣ ጆዛኒ ደን፣ የእስር ቤት ደሴት፣ ኑንግዊና ፓጄ የሚባሉት የባሕር ዳርቻዎች፣ በታንዛኒያ ዋና ምድር ወዳለችው ዳሬሰላም ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ደግሞ ሙሉ ቀን የጀልባ ሽርሽር። ሆቴል ሦስት ጊዜ ይቀየራል። ወረቀት ላይ ሲታይ ያስጎመጃል። ነገር ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን የአውሮፕላን ቀን ነው። በእጃችሁ የሚቀረው አምስት ቀን ነው። በዚያ ላይ ሆቴል በተቀየረ ቁጥር ሻንጣ ማሰር አለ፣ ክፍል እስኪጸዳ እንግዳ መቀበያው ላይ መጠበቅ አለ፣ የአንዱ ቁልፍ ጠፍቶ ሁሉም መቆም አለ። ለሃያ ዓመት ወጣት ይህ ምንም አይደለም። ለእናትሽ ግን ግማሽ ቀን ነው የሚበላባቸው።

እኔ ብሆን ዳሬሰላምን ሳላመነታ እሰርዛለሁ። በፈጣኑ ጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ፣ ከተማ ውስጥ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ዞሮ፣ እንደገና ሁለት ሰዓት ተመልሶ ማደር ጉብኝት አይባልም። ባሕሩ ከተናወጠ ደግሞ የእኛ የደጋ ሰው ሆዱ አይችለውም። ከፓጄና ከጀልባው ሽርሽርም አንዱን ብቻ ምረጡ። የቀረውን ሦስት ሌሊት ስቶን ታውን፣ ሦስት ሌሊት ኑንግዊ አድርጉት። ሁለት ሆቴል ይበቃል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ምንም ፕሮግራም አይኑር። ድርጅቱን ይህን ጠይቂ። «ቡድኑ ተስማምቶበታል፣ አይቀየርም» ካሉሽ፣ ቢያንስ እናንተ ዳሬሰላም ባትሄዱ የዚያን ቀን ዋጋ ይቀንሱላችሁ እንደሆነ በጽሑፍ ያሳውቁሽ።

ታዲያ ለምን ብቻችሁን አትሄዱም? ብትሄዱም ትችላላችሁ። ደሴቲቱ ጎብኚ የለመደች ናት፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአዲስ አበባ ወደዚያው ይበርራል። ግን እናትሽ ከአገር ወጥተው አያውቁም፣ መድኃኒት አለባቸው። አንድ ነገር ቢፈጠር አንቺ ከእሳቸው አጠገብ መሆን አለብሽ እንጂ ስልክ ይዘሽ ሐኪምና ታክሲ ስትፈልጊ መገኘት የለብሽም። የአስጎብኚ ዋጋው ያን ጊዜ ነው የሚታወቀው። ታሪክ ማውራት ማንም ይችላል። እና ድርጅቱን ስትጠይቂ «መሪው ማነው?» ከማለት አልፈሽ «አንድ ሰው ቢደክመው ወይም ቢታመም ከእሱ ጋር የሚቀረው ማነው? ቡድኑን ይዞ የሚሄደውስ?» በይ። ከእዚህ የሚሄድ አንድ መሪ፣ እዚያ የሚጠብቅ አንድ የአገሩ አስጎብኚ፣ ሁለቱም ከሌሉ መልስ የላቸውም። ሰዉ ደግሞ ከ15 ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሽንት ቤት መጠበቁ ብቻ ራሱን የቻለ ጉብኝት ይሆናል።

ስለ አስጎብኚው ብቃት አንድ መፈተኛ ልስጥሽ። ስቶን ታውን ባሕሩ ፊት ለፊት «የድንቆች ቤት» የሚባል ትልቅ ቤተ መንግሥት አለ፤ በ1883 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ከፊሉ በ2020 መጨረሻ ላይ ፈርሷል። ፕሮግራማችሁ ላይ «ውስጡን እንጎበኛለን» የሚል አይቻለሁ። «አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው? መግባት ይቻላል?» ብለሽ ጠይቂ። ወዲያው የሚያስረዱሽ ከሆነ ቦታውን ያውቁታል። ዝም ካሉ ወይም «ኧረ እንገባለን» ብቻ ካሉሽ ፕሮግራሙን ከሌላ ቦታ ገልብጠውታል ማለት ነው።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ። «ሐሩር አገር» ሲባል እኛን የማይመለከት ይመስለናል። እኛም እኮ እዚያው ውስጥ ነን፤ ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ጋቢ ያስለበሰን ከፍታው ነው፣ 2,840 ሜትር ያህል። ዛንዚባር 6 ዲግሪ ግድም በስተደቡብ፣ በባሕር ጠለል ላይ ናት። እዚያ የሚከብደው የፀሐዩ ብርታት ብቻ አይደለም። አየሩ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ላብ አይደርቅም። ላብ ካልደረቀ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ጥላ ውስጥ ተቀምጠሽም ያልብሻል።

ሰውነት ይህን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እናንተ ሳትለምዱት ትመለሳላችሁ። ስለዚህ መፍትሔው ሰዓትን መምረጥ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ይወጣል፣ ቀትር ላይ ይታረፋል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ እንደገና ይወጣል። ከላይ ከምሳ በኋላ ፕሮግራም አይኑር ያልኩሽም ለዚህ ነው።

የእናትሽ የደም ግፊት መድኃኒት የትኛው እንደሆነ አልነገርሽኝም። አንዳንዱ መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ነው። በዚያ ላይ ላብ ሲጨመር ሰውነት ውኃና ጨው ቶሎ ያጣል፤ ከተቀመጡበት ሲነሱ ማዞር ይመጣል። ከሄዳችሁ በኋላ በራሳችሁ መድኃኒቱን እንዳትቀንሱ። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸው ዘንድ ቀርበው «ሙቀት አገር ልሄድ ነው» ይበሉ። መድኃኒቱ ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይያዝ፣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ሻንጣ ይዘገያል፣ ግፊት አይጠብቅም።

መሞከር ከፈለግሽ ደግሞ ሩቅ መሄድ የለብሽም። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን እናትሽን ይዘሽ ሸዋ ሮቢት ውረጂና ሁለት ሌሊት እደሩ። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ትታችሁ ስትወርዱ ወደ 1,500 ሜትር ያህል ነው የምትወርዱት። የሮቢት ሙቀት እንደ ባሕር ዳርቻ እርጥበት ስለሌለው ግማሽ ፈተና ነው። ቢሆንም ብዙ ይነግርሻል። እግራቸው ያብጣል? እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? ውኃ ሳትጎተጉቻቸው ይጠጣሉ? እኛ ደጋ ሰዎች ውኃ መጠጣት እንረሳለን፤ ቡና ከጠጣን የጠጣን ይመስለናል። ማታ አጎበር አትርሱ፤ ሮቢት የወባ አገር ነው።

መቼ ትሂዱ ለሚለው፣ እኔ ሐምሌን እመርጣለሁ። እዚህ ሰማዩ ተደፍቶ ጭቃው ሲያሰለቸን ዛንዚባር ላይ ደረቁና ቀዝቀዝ ያለው ወቅት ነው፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ቀን ላይ ወደ 28 ዲግሪ ይሆናል፣ ነፋስም አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ግን ረጅሙ ዝናባቸው ነው፤ በዚያ ወቅት ርካሽ ዋጋ ካቀረቡልሽ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሐምሌን የመረጥኩት ለሌላም ነገር ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ከሐምሌ 6 እስከ 30 ባለው ጊዜ እናትሽ የሚጾሙት ረቡዕንና ዓርብን ብቻ ነው። በሰባት ቀን ጉዞ ሁለት ቀን ማለት ነው። የአውሮፓ ሰው ዕረፍቱ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሆቴል ይወደዳል፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ መያዝ ነው። የረመዳን ወር እንደዚሁ ከግምት ይግባ። የደሴቲቱ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በረመዳን ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ዝግ ነው፣ መንገድ ላይ መብላትም ነውር ነው። ወሩ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ አሁን ግን ከሐምሌ ጋር አይገናኝም።

ጾሙን በተመለከተ አትጨነቂ፤ ከአውሮፓ ይልቅ እዚያ ይቀላል። ሩዝ በኮኮናት ወተት፣ ባቄላ በኮኮናት፣ ጎመን የመሰለ ቅጠል፣ ካሳቫ፣ ሙዝ፣ ቻፓቲ አለ። የሚያስቸግረው አነጋገሩ ነው። «ቬጀቴሪያን» ካልሽ እንቁላልና አይብ ያመጡላችኋል። «ቪጋን» በይ። ቻፓቲው ቅቤ እንዳልገባበት፣ ሾርባው በዶሮ ወይም በዓሣ መረቅ እንዳልተሠራ ጠይቂ። ይህን ስትመዘገቢ ቅጹ ላይ አስፍሪው፤ እዚያ ደርሶ በየማዕዱ መጨቃጨቅ እናትሽን ያሳፍራቸዋል። ጾመኛ ሰው «ተዉት፣ ቁርስ ይበቃኛል» ማለት ይቀናዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ባዶ ሆዱን በሙቀት መዋል የለበትም።

ስንቅ መያዛችሁ አይቀርም፣ አውቃለሁ። ያለ በሶና ቆሎ ከደብረ ብርሃን የሚወጣ እናት አላየሁም። ያዙ፣ ጥሩ ነው። ግን በፌስታል አትቋጥሩት። ታንዛኒያ የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክላለች፤ ዛንዚባርማ ከዋናው ምድር ቀድማ ነው የከለከለችው። በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን።

እናትሽ በጣም ይወዱታል ብዬ የምገምተው የቅመም እርሻውን ነው። ሌሎቹ ቡድኖች እንደ ትዕይንት ያዩታል፤ የእኛ ሴቶች ግን ከአስጎብኚው ይቀድማሉ። ዕድሜ ልካቸውን ደርቆ ያዩት ቅርንፉድ እዚያ ገና ሳይፈነዳ፣ አረንጓዴ እንቡጥ ሆኖ ዛፍ ላይ በዘለላ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሲለቀም መንገድ ዳር ምንጣፍ ላይ ይሰጣል፤ ሽታው ከመኪና ሳትወርዱ ይቀበላችኋል። ገውዙ ደግሞ ፍሬው ለሁለት ሲከፈት ውስጡ ያለው ዘር ደማቅ ቀይ መረብ የለበሰ ነው። ያ መረብ ራሱ ለብቻው ቅመም ነው። ቀረፋው ከግንዱ ተልጦ፣ እርዱ ከመሬት ተቆፍሮ፣ ቁንዶ በርበሬው ሌላ ዛፍ ላይ እንደ ሐረግ ተጠምጥሞ ይታያል። እዚህ ቦታ አርባ ደቂቃ መድበዋል። ሁለት ሰዓት አድርጉት በያቸው።

መጨረሻ ላይ ቅመም ይሸጥላችኋል። እዚህ ላይ የሙያዬን ምሥጢር ላውጣ፤ አስጎብኚ ከሚወስድበት ሱቅ ብዙ ጊዜ ኮሚሽን አለው። በሁሉም አገር ነው፣ በእኛም አገር ነው። አትናደዱ፣ አለመግዛትም መብታችሁ ነው። መናደድ ያለባችሁ በቀን ሦስት ሱቅ ሲያቆሟችሁ ነው። ፕሮግራሙ ላይ «የግዢ ጊዜ» የሚል ስንት ቦታ እንዳለ ቁጠሪ።

ስቶን ታውን ላይ ደግሞ የአንግሊካን ካቴድራሉን በችኮላ እንዳታልፉት። የተሠራው የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ገበያው የተዘጋው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። አጠገቡ ሰዎች ይታጎሩበት ነበር የሚባል ዝቅ ያለ፣ ጠባብ የምድር ቤት አለ። ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፤ እናትሽ ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ውጭ ያለውን መታሰቢያ ሐውልት ማየት ይበቃቸዋል። ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ ሂዱ። አለባበስ ላይ፣ በከተማው ትከሻና ጉልበት መሸፈን ነው። ነጠላ ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ስስ፣ ጥጥ፣ ከፀሐይም ይከልላል።

ጆዛኒ ደን ላይ የዛንዚባር ቀያይ ኮሎበስ የሚባሉ ጦጣዎች አሉ፤ ይህ ዝርያ በዓለም ላይ ያለው እዚሁ ዛንዚባር ብቻ ነው። የጓሳን ጭላዳ ለለመደ ሰው ነገሩ ያው ነው። ራቅ ብሎ ማየት፣ አለመመገብ፣ ለፎቶ ብሎ አለመጠጋት። አንድ ሰዓት በቂ ነው።

ባሕሩን በተመለከተ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገርሽ፤ የፕሮግራም ወረቀቶች አይጽፉትም። ዛንዚባር ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ልዩነቱ አንዳንድ ቀን እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄ በኩል፣ ሲጎድል ውኃው ሩቅ ሸሽቶ የባሕሩ ወለል ገላጣ ይሆናል። ሴቶች የሚያለሙት የባሕር ሣር የሚታየው ያን ጊዜ ነው። መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ዋና ይላል ፕሮግራሙ፣ ውኃው የለም። ወለሉ ላይ እሾሃማ የባሕር እንስሳት ስላሉ በባዶ እግር አይኬድም። ኑንግዊ በሰሜኑ ጫፍ ስለሆነ ውኃው ያን ያህል አይሸሽም፤ በሐምሌም ነፋሱ ከምሥራቁ ይቀንሳል። ሦስቱን ሌሊት ኑንግዊ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ሁለታችሁም ዋና እንደማትችሉ እገምታለሁ። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ላይፍ ጃኬቱ በልካችሁ መሆኑን እዩ፣ እዚያው ልበሱት። «መቀመጫው ሥር አለ» የሚባል ነገር አይሠራም። አስጎብኚው ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

በሰዓት ጉዳይ የእኛ ሰው እዚያ ይደሰታል። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ የእኛ ሁለት ሰዓት የእነሱም ሁለት ሰዓት ነው። ግን አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ሲያወራ ያንኑ ሁለት ሰዓት «ስምንት» ሊላችሁ ይችላል። ቀጠሮ ሲሰጣችሁ በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ፤ አውቶቡሱ ያመለጣቸው አሉ።

ገንዘቡን ባጭሩ። «ሁሉም ተካቷል» የሚለው ቃል ምንም ማለት አይደለም። ያልተካተተው በዝርዝር ይጻፍልሽ። ምሳ፣ የመግቢያ ዋጋ፣ ጀልባ፣ ሆቴል ላይ በየሌሊቱ የሚከፈለው የመንግሥት ክፍያ፣ ቪዛ፣ ቲፕ። በተጨማሪ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ የደሴቲቱን መድን የመግዛት ግዴታ አለበት፤ 44 ዶላር ነው። ሌላ መድን ቢኖራችሁም ይህ አይቀርም። ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? ዶላር ስትይዙ አዲስና ያልተቀደደ ይሁን፤ አሮጌ ኖት አይቀበሉም። የሁለታችሁም ፓስፖርት ከመመለሻችሁ ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ መሆኑን ዛሬውኑ እይ።

የቀረው ክትባቱ ነው፤ ይህን መጀመሪያ ጨርሺ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ውስጥ ስለምትቆጠር፣ ከእዚህ ለሚሄድ ሰው ታንዛኒያ የክትባቱን ቢጫ ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ ሥራ ላይ የሚውለው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ወባን ግን አይከላከልም፤ ለወባው ሌላ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን እግረ መንገድሽን ጠይቂው። አንቺ ጤነኛ ከሆንሽ ተከትበሽ መሄድ ነው። እናትሽ ግን ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። በዚህ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተቡ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ጥቂት ቢሆንም ከወጣት ይበልጣል። ስለዚህ ሐኪም አይቷቸው ይወስን። አይከተቡ ካለ የሕክምና ምክንያት ማስረጃ ሊጽፍላቸው ይችላል፤ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ከኤምባሲው ተቀባይነቱን ታረጋግጣላችሁ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ለድርጅቱ ቀብድ የምትከፍዪው ሐኪሙ ከወሰነ በኋላ ነው። አስቀድመሽ መክፈል ግድ ከሆነም፣ በጤና ምክንያት ብትቀሩ ገንዘቡ ስንቱ እንደሚመለስ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ሳይሆን ውሉ ላይ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይስጡሽ።